ከጣና ወደ መገጭና ድርማ የሚወጡትን ዓሦች ፎቶ ማንሳትና ማወቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ላይ ስለ ዱር እንስሳት ፎቶ ሲወራ የሁሉም ሰው ፊት ወደ ስሜን ተራሮች ይዞራል። ጭላዳ፣ ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮ። ይገባቸዋል። ነገር ግን ከከተማዋ ወደ ደቡብ ወረድ ብላችሁ ደምቢያ ሜዳ ስትደርሱ፣ በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኙ ዓሦች በየክረምቱ ከጣና ወጥተው በመገጭና በድርማ ወንዞች ሽቅብ ይዋኛሉ። ይህን ጎንደር ተወልዶ ያደገ ሰው እንኳ ብዙ ጊዜ አይሰማም። ካሜራ ይዤ ወደዚያ እንደምመላለስ የሚያውቁ ሰዎች የሚጠይቁኝን ከነመልሱ እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓሣ ነው ወይስ ብዙ?

ብዙ ነው። ጎርጎራ ላይ ከታንኳ ሲወርድም ሆነ ምግብ ቤት ለብለብ ሆኖ ሲቀርብ ሁሉም ነጭ ዓሣ ይባላል። ሳይንሱ ግን ላቢዮባርበስ በሚባለው ወገን ሥር 15 ያህል የጣና ዝርያዎችን ለይቷል። አብዛኞቹ ከጣናና ከገባር ወንዞቹ ውጪ የሉም።

ላይ ላዩን ሲያዩዋቸው ወንድማማች ይመስላሉ። አኗኗራቸው ግን ለየቅል ነው። ኔድጂያ የሚባለው ከንፈሩ ወፍራምና ሥጋማ ነው፤ በእሱ የሐይቁን ወለል እየዳሰሰ የነፍሳት እጭ መጥጦ ይበላል። ሱርኪስ የውኃ ዕፅዋት ይወዳል። ስሙን ከጎርጎራ ያገኘው ጎርጎሬንሲስ ደግሞ ቀንድ አውጣ ሳይቀር ፈጭቶ ይበላል። ብሬቪሴፋለስ ጭንቅላቱ አጭር፣ ሰውነቱም አነስ ያለ ነው፤ ውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታትን እያጣራ ይኖራል። ሜጋስቶማና አኩቲሮስትሪስ ግን አዳኞች ናቸው። ሌላ ዓሣ አሳደው ይውጣሉ።

ዓሣ በል የሆኑት ዝርያዎች 8 ናቸው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ላቢዮባርበስ የሚመደበው በካርፕ ዓሦች ቤተሰብ ውስጥ ነው፤ የዚህ ቤተሰብ ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። በዚህ የተነሳ በቤተሰቡ ውስጥ ሌላ ዓሣ አድኖ የሚኖር በጣም ጥቂት ነው። ጣና ላይ ግን 8 አዳኝ ዝርያዎች በአንድ ሐይቅ ውስጥ ተገኙ። እንዲህ ከአንድ ዘር ተነስተው በአንድ ሐይቅ ውስጥ የበዙ የዚህ ቤተሰብ ዓሦች ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ በሚባል ሐይቅም ነበሩ። እዚያ ያሉት አብዛኞቹ ጠፍተዋል። የጣናዎቹ ግን እስከ ዛሬ አሉ።

ለምን እዚህ ብቻ?

መልሱ ጢስ ዓባይ ነው። ፏፏቴው 40 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ ከታች ያለ ዓሣ ዘሎ ሊወጣው አይችልም። ስለዚህ የጣና ዓሦች ከቀረው የዓባይ ተፋሰስ ተነጥለው ኖሩ።

ሐይቁ ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከሐይቁ ወለል ተቆፍሮ የወጣ ደለል ሲመረመር ደግሞ ከ16,000 ዓመት በፊት ጣና ደርቆ እንደነበር ታውቋል። ውኃው ሲመለስ ዓሦቹ ባዶ ቤት አገኙ። አንዱ ወለሉን፣ አንዱ ዳሩን፣ አንዱ መሐሉን ያዘ። በዝግመተ ለውጥ ሚዛን ይህ እጅግ አጭር ጊዜ ነው፤ የዓለም ተመራማሪዎችም ወደ ጣና የሚመጡት ለዚሁ ነው።

አፉ ክብ ሆኖ ጥርስ የሞላበት ላምፕሬይ የሚባል ፍጥረት ቪዲዮ ላይ አየሁ። ጣና ውስጥ አለ? ድንጋይ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ዓሣስ እሱ ነው?

ይህ ጥያቄ ከልጆች በብዛት ይመጣል። ላምፕሬይ ጣና ውስጥ የለም። እሱ ቀዝቀዝ ያለ አየር ባላቸው አገሮች የሚኖር ነው፦ አውሮፓ፣ ሰሜን አሜሪካ፣ ሰሜን እስያ፣ በደቡብ በኩል ደግሞ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ቺሊ። በሞቃታማው የአፍሪካ ክፍል ባሉ ወንዞች አይኖርም።

ማወቁ ግን ይጠቅማል። ላምፕሬይ መንጋጋ የለውም። አጥንትም የለውም፤ ሰውነቱን የሚይዘው ቅርጭጭት ነው። በግራም በቀኝም ሰባት ሰባት የስንጥብ ቀዳዳ በሰልፍ ይታይበታል። እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት ቅሪተ አካሎቹ አንዱ የተገኘው እዚሁ አፍሪካ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው፤ ዕድሜው 360 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆናል። ሁሉም ደም የሚመጥጡ አይደሉም። ትንንሾቹ የወንዝ ላምፕሬዮች እጭ ሳሉ ለዓመታት ደለል ውስጥ ተቀብረው ይኖራሉ። ካደጉ በኋላ ምንም ሳይበሉ ጠጠር ላይ ዘራቸውን ጥለው ይሞታሉ። የዚያ አገር ፎቶ አንሺዎች የሚጠብቁት ያችን አጭር ጊዜ ነው። በዚህ ከእኛ ዓሦች ጋር ይገናኛሉ። ሁለቱም ንጹሕ ጠጠር ይፈልጋሉ፤ ሁለቱም በደንብ የሚታዩት ዘር ሊጥሉ ሲወጡ ነው።

ድንጋይ ላይ የምትለጠፈው ትንሿ ዓሣ ጋራ ትባላለች። መንጋጋም አጥንትም ያላት እውነተኛ ዓሣ ናት። አገጯ ሥር ክብ የሆነ ሥጋማ መለጠፊያ አላት፤ በእሱ ድንጋዩን ትይዝና ጎርፍ እንኳ አያነቃንቃትም። ድንጋዩ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ሽፋን እየፋቀች ትበላለች። ከጋራ ዝርያዎች አንዷ ስሟን ከደምቢያ ያገኘች ናት። ሌሎች ሁለት የጣና ጋራዎችን ደግሞ ኢትዮጵያዊው የዓሣ ሊቅ አበበ ጌታሁን ከዓሣ ተመራማሪዋ ሜላኒ ስቲያስኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ለሳይንስ አስተዋውቀዋል። ፎቶ ለመጀመር ከጋራ የተሻለ ዓሣ የለም። በበጋ፣ ውኃው ሲጠራ፣ በትናንሽ ወንዞች ኩሬዎች ውስጥ ታገኟታላችሁ። ዝም ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ራሷ ተመልሳ ትመጣለች።

ነጭ ዓሦቹ ወደ ወንዝ የሚወጡት መቼ ነው?

ከሐምሌ እስከ ጥቅምት። ክረምቱ ጠንክሮ ወንዞቹ ሲሞሉ መጀመሪያ ወንዙ ሐይቁን በሚቀላቀልበት አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ሽቅብ ይወጣሉ። ዘራቸውን የሚጥሉት ጠጠር ባለበት፣ ውኃው ጥልቀት ሳይኖረው በሚሮጥበትና በጠራበት ላይኛው ክፍል ነው። የወንዙ ዋና መስመር ቡና መስሎ ሲፈስ ትንንሾቹ ገባሮች ቶሎ ይጠራሉ፤ እነሱም የሚፈልጉት እነዚያን ነው።

ሁሉም ዝርያ ወንዝ አይወጣም። ግማሽ ያህሉ የወንዝ ተጓዦች ናቸው፤ የቀሩት በሐይቁና በዳርቻው እንደሚራቡ ይታሰባል። ስለ መገጭና ድርማ የተለየ ጥናት ያደረጉት ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ሲሆኑ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። ከዚያ በፊት አብዛኛው ጥናት በጉማራ ወንዝ ላይ ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ዓሦቹ በወንዝ አፍ ላይ የሚታጨቁበት ጊዜና ጾመ ፍልሰታ ይገጣጠማሉ። ዓሣ በጾም የሚመገቡ ሰዎች ስላሉ ገበያው ይሞቃል፣ መረቡም ይበዛል።

ከጎንደር ተነስቼ የት ልሂድ?

ለጀማሪ ጎርጎራ። 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት በማለዳ ታንኳዎች ሲገቡ የሐይቁን ዓሦች ጎን ለጎን ተደርድረው ታያላችሁ፦ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ። ሌላ የትም ቦታ እንዲህ በአንድ ጠዋት አታገኟቸውም።

ድርማን ለማየት መነሻችሁ ቆላ ድባ ነው፤ ከጎንደር በሚኒባስ ይደረሳል። መገጭን አዘዞ አለፍ ብሎ ያለው ድልድይ ላይ ሆናችሁም ታዩታላችሁ፤ ግን ክረምት ላይ ከድልድዩ ሆኖ የሚታየው ጎርፍ እንጂ ዓሣ አይደለም።

ከከተማ መውጣት ያልቻለ ሰው ደግሞ ቀሃን ይመልከት። በጥምቀት የፋሲልን መዋኛ የሚሞላው ውኃ የቀሃ ነው። ቀሃና አንገረብ ወደ መገጭ ይገባሉ፤ መገጭ ወደ ጣና። ቀሃ ላይ የሚደፋ ቆሻሻ መጨረሻው እነዚሁ ዓሦች ያሉበት ውኃ ነው። ስለ ዓሣ ለተማሪዎች የሚያስረዳ መምህር ከዚህ ቢጀምር ጥሩ ነው እላለሁ፤ ልጆቹ የሚያውቁት ወንዝ ስለሆነ።

የትም ከመሄዳችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሰላም በዚያው ቀን የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። ጥርጣሬ ካለ ይቅር፤ ዓሦቹ በሚቀጥለው ክረምትም ይወጣሉ።

ውኃው ጭቃ ነው። በዚህ ውስጥ ምን ዓይነት ፎቶ ይነሳል?

ውኃ ውስጥ ገብቶ ለማንሳት ክረምት አይሆንም። ሁለት አማራጭ አላችሁ።

አንደኛው አስጋሪዎች ያወጡትን ዓሣ ማንሳት ነው። ዓሣው አስቀድሞ ለገበያ ወጥቷል፤ የእናንተ ፎቶ የሚጨምርበት ጉዳት የለም። እኔ ለመማር ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። እርጥብ ሳንቃ ላይ በጎኑ አስተኙት፤ ራሱ ወደ ግራ ይሁን። የዓሣ ሊቃውንት በሙሉ ግራ ጎኑን ስለሚያነሱ የእናንተም ፎቶ ከሌላው ጋር ለማነጻጸር ይመቻል። የጀርባ ክንፉን በስፒል ወጥራችሁ ያዙ። ማስመሪያ ከሥሩ አስቀምጡ። ዝቃጩንና ደሙን በውኃ እጠቡለት። ከሞተ ብዙ ሳይቆይ አንሱት፤ ቀለሙ ቶሎ ይለወጣል።

ሁለተኛው የመስታወት ሣጥን ነው። ይህ ለትንንሽ ሕያው ዓሦች የሚሆን ነው። ከተማ ውስጥ መስታወት ቤት ሄዳችሁ 4 ሚሊ መስታወት አስቆርጡ፦ ርዝመቱ 40፣ ቁመቱ 25፣ ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። በሲሊከን አጣብቁት። ሲሊከኑ ደርቆ የኮምጣጤ ሽታው እስኪጠፋ ቀናት ይስጡት፤ ከዚያ ደጋግማችሁ እጠቡት። የቧንቧ ውኃ አትሙሉበት፤ ክሎሪኑ ዓሣ ይጎዳል። የወንዙን ውኃ በባልዲ ቀድታችሁ ጥላ ውስጥ አሳድሩትና ከላይ የጠለለውን ቅዱ።

ዓሣው ሣጥኑ ውስጥ ከገባ በኋላ አንድ ተጨማሪ መስታወት ከኋላ አስገብታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ፊት አቅርቡት፤ አትጫኑት። ከኋላ ጥቁር ወይም ግራጫ ጨርቅ አድርጉ። ፀሐይ ከጎን ትምጣ፤ ከበረታች ነጠላ ወጥራችሁ አለስልሷት። ካሜራው ከመስታወቱ ጋር ትይዩ ሆኖ በጣም ይጠጋ። ጥቁር ልብስ ልበሱ፤ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው መስታወቱ ላይ ራሱን ነው የሚያነሳው። የካሜራውን ፍጥነት ከ1/250 ሰከንድ አታውርዱ።

ያኔ የምታዩትን ልንገራችሁ። ከላይ አይታችሁት ግራጫ የነበረው ዓሣ ጎኑ የወይራ አረንጓዴና ወርቃማ ሆኖ ይወጣል። እያንዳንዱ ቅርፊት ሥሩ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ አለው። ከስንጥቡ እስከ ጅራቱ የሚሄደው የጎን መስመር በግልጽ ይነበባል። የአፉ ሁለት ጥንድ ጺሞች አንዴ ወደፊት አንዴ ወደ ታች ይንቀሳቀሳሉ፤ ውኃውን እየቀመሰባቸው ነው። ወንዝ ዳር ሆኖ ይህን ማየት አይቻልም።

ስልክ ይበቃል?

ይበቃል። ለሞተውም ለመስታወቱም ሣጥን የዛሬ ስልኮች ከበቂ በላይ ናቸው። ዙሙን አትጠቀሙ፤ ቀርባችሁ አንሱ። ፍላሹን አጥፉት። ከወንዝ ዳር ሆናችሁ ውኃ ውስጥ ለማየት ከፈለጋችሁ ግን የሚረዳችሁ ውድ ካሜራ ሳይሆን ፖላራይዘር ነው፤ የውኃውን ነጸብራቅ ይቆርጣል። ፖላራይዝድ መነጽር ካላችሁ በስልኩ ሌንስ ፊት ያዙትና እያዞራችሁ ሞክሩት።

በፎቶ ብቻ የትኛው ዝርያ እንደሆነ ማወቅ ይቻላል?

ትልቅ ዓሣ ከሆነና ትክክለኛው ክፍል ከተነሳ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ትንንሾቹ ግን እርስ በርስ በጣም ስለሚመሳሰሉ ባለሙያንም ያስቸግራሉ። የጣት ርዝመት ባላት ዓሣ ላይ ስም ለመለጠፍ አትቸኩሉ፤ ላቢዮባርበስ ብላችሁ መዝግቡ፣ ይበቃል።

ከሁሉም በፊት አፉን አንሱ። ከጎን፣ ከፊት፣ ከሥር። አፉ ወደ ታች የዞረ ነው ወይስ ወደ ፊት ወይስ ወደ ላይ? ከንፈሩ ሥጋማ ነው ወይስ ስስ? የአፉ ማዕዘን ከዓይኑ ሥር ይደርሳል? ከዚያ ጺሙን ተመልከቱ። ክራሲባርቢስ የሚባለው ዝርያ የሚታወቀው በወፍራም ጺሙ ነው። ከዚያ ዓይኑን፦ ማክሮፍታልመስ ዓይነ ትልቅ ነው። ቀጥሎ ከጭንቅላቱ ጀርባ ጉብታ መኖር አለመኖሩን። በመጨረሻ የጎን መስመሩ ላይ ያሉት ቅርፊቶች መቆጠር እንዲችሉ አድርጋችሁ አንድ የጠራ ፎቶ።

ከፎቶው ጋር ደግሞ ቀኑን፣ የወንዙን ወይም የዳርቻውን ስም፣ የዓሣውን ርዝመት ጻፉ። እነዚህ ሦስቱ የሌሉት ፎቶ ቆንጆ ሊሆን ይችላል፤ ለዕውቀት ግን ብዙም አይረዳም። አስጋሪው ለዓሣው የሚሰጠውን ስምም መዝግቡ። ጎንደር ተቀምጦ የነበረው ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ የጣና ዓሦችን ወደ ፍራንክፈርት ወስዶ ሲገልጽ ኔድጂያን፣ ሱርኪስንና ጎርጓሪ የሚባለውን ሌላ የጣና ነጭ ዓሣ በእነዚሁ ስሞች ያስመዘገበው እሱ ነው። ጭላዳንና ዋልያንም ለሳይንስ ያስተዋወቀው እሱ ነው። ያኔ አንድን ዓሣ ለማጥናት ገድሎ አልኮል ውስጥ መንከር ግድ ነበር። ዛሬ ብዙውን ሥራ ጥሩ ፎቶ ይሠራዋል።

ሕያው ዓሣ ይዤ ሳልጎዳው እንዴት ልመልሰው?

እጃችሁን አርጥቡ። ደረቅ እጅ የዓሣውን ልጋግ ይገፍፋል፤ ያ ልጋግ ከበሽታ የሚጠብቀው ነው። ስንጥቡ ውስጥ ጣት አታስገቡ። ከውኃ ውጪ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ መቆየት ከምትችሉት በላይ አታቆዩት፤ እናንተም ትንፋሽ ያዙ፣ ስታስወጡ መልሱት። ሣጥኑ ውስጥም ቢሆን ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ስትመልሱት አትወርውሩት፤ ራሱን ወደ ጅረቱ አዙራችሁ ደግፉትና ራሱ ሲሄድ ልቀቁት።

ሆዷ የተነፋች፣ ስትነካ እንቁላል የምታፈስ ሴት ካገኛችሁ ሣጥንም ፎቶም ይቅር። ወዲያው ትመለስ።

ዘር ሲጥሉ ማየትና ማንሳት ይቻላል?

ይቻላል። ከሁሉም የሚበልጠው ፎቶ እሱ ነው፤ ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቀውም እሱ ነው።

ቦታው ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው። ውኃው ከጉልበት በታች ይሆናል፤ ሥሩ ጠጠር ነው፤ ይሮጣል፤ ጥርት ያለ ነው። ጠጠሩ ላይ የተጣለው እንቁላል በድንጋዮቹ መሐል ይገባል። እዚያ ውስጥ የሚያልፈው ውኃ አየር ያደርስለታል። ደለል ካለበሰው ግን ታፍኖ ይሞታል። እግር ቢረግጠውም ያው ነው።

ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ ጠጠሩን አትርገጡ። አንድ እርምጃም ቢሆን። ከዳር፣ ቁጥቋጦ ሥር ቁጭ በሉ። ፀሐይ ጥላችሁን ውኃው ላይ እንዳትጥል ተጠንቀቁ። ሌንሱ ረጅም ይሁን። ዝም ስትሉ ዓሦቹ ይለምዷችኋል። ሲሸሹ ደጋግማችሁ ካያችሁ ቦታው ለእናንተ አልሆነም ማለት ነው፤ ተነሱ። ውኃ ውስጥ የምትቀመጥ ትንሽ ካሜራ ካላችሁ ከጠጠሩ ታችኛው ጫፍ፣ ዳር ላይ አስቀምጧት፤ ከማለዳ በፊት አስቀምጣችሁ ከሰዓት በኋላ አንሷት። ሽቅብ የሚሄዱበትን መንገድ በፍጹም አትዝጉ።

በግሌ ለልምምድ ሲሉ ዘር መጣያ ቦታ መሄድን አልደግፍም። መጀመሪያ በጋራ ዓሣ ላይ በበጋ ተለማመዱ።

ያነሳሁትን ፎቶ ከነቦታው ኢንተርኔት ላይ ልልቀቀው?

ፎቶውን አዎ፣ የዘር መጣያውን ትክክለኛ ቦታ አይ። ያ ቦታ በታወቀ ማግስት መረብ ሊዘረጋበት ይችላል። የዱር ፍጥረታት ፎቶ በሚሰበሰብበት ድረ ገጽ፣ አይናቹራሊስት ላይ ስትለጥፉ ቦታውን የሚደብቅ ምርጫ አለ፤ ተጠቀሙበት። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ደግሞ የወንዙን ስም ብቻ መጥራት ይበቃል። ትክክለኛውን ነጥብ ለተመራማሪ በግል ስጡ።

በእርግጥ እየቀነሱ ነው?

አዎ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተመራማሪዎች መረብ ይያዝ የነበረው ነጭ ዓሣ ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ ሲለካ ሦስት አራተኛ ያህሉ ጠፍቶ ተገኝቷል። ከቆሮሶና ከአምባዛ ጋር ሲነጻጸር የእነዚህ ጉዳት የከፋበት ምክንያት ግልጽ ነው። በአንድ ወቅት፣ በአንድ ጠባብ በር ያልፋሉ። በሩ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ዓሣውን ብቻ አይደለም የሚያወጣው፤ ገና ያልተጣለውን ዘርም ነው።

ድሮ በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ይጠመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከመጡ በኋላ የሐይቁ መሐልም የወንዙ አፍም ተደረሰ። ላይኛው ወንዝ ላይ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ የመጨመር ልማድ አለ፤ ትልቁንም ትንሹንም አንድ ላይ ይፈጃል። በመርዝ ማጥመድ በሕግ የተከለከለ ነው። ለግንባታ ከወንዝ የሚዛቀው አሸዋና ጠጠርስ? ያ ጠጠር እኮ የዓሣው ማዋለጃ ክፍል ነው። የመስኖ ፓምፑ፣ በርብ ወንዝ ላይ የተሠራውና በመገጭ ላይ የተጀመረው ግድብም ሲደመሩ መንገዱን ያጠብቡታል። እምቦጭም እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ የታየው በዚሁ በመገጭ አፍ አካባቢ ነው።

አስጋሪውን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልወቅሰውም። ልጆቹን የሚያበላበት ሌላ ሥራ የሌለው ሰው ነው። የወንዙ አፍ በመራቢያ ወራት ቢዘጋ በቀሪው ዓመት የሚጠቀመውም እሱ ነው። ይህን ደግሞ ዕድሜ ጠገብ አስጋሪዎች ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ድሮ የነበረውን የዓሣ ብዛት ጠይቋቸው።

ለጤናዬ ምን ልጠንቀቅ?

ደምቢያ ወባ አለ፤ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር። አጎበር ያዙ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፤ በባዶ እግር ዳር ዳሩን አትቁሙ፣ የላስቲክ ቦቲ አድርጉ። ጉማሬ ባለበት ዳርቻ ንጋትና ምሽት ላይ ብቻችሁን አትሂዱ። ክረምት ላይ ወንዝ የሚሞላው እናንተ ያላችሁበት ቦታ ስለዘነበ ብቻ አይደለም፤ ላይ ደጋው ላይ ከጠቆረ ዕቃችሁን ሰብስባችሁ ውጡ።

የበለጠ ለመማር ወደማን ልሂድ?

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል አለው፤ ቀርቦ መጠየቅ ነው። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ። ዝርያዎቹን ለይተው የጻፉት ሆላንዳውያኑ ሌኦ ናግልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ናቸው፤ ሥራቸው የወጣው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ እስከ 2000 ድረስ ነው። ፊሽቤዝ በሚባለው የዓሦች መረጃ ድረ ገጽ ላይ የዝርያዎቹን ዝርዝር በነጻ ታገኛላችሁ።

ትልቁ ትምህርት ቤት ግን ታንኳዎቹ ዓሣ የሚያወርዱበት ማራገፊያው ነው። አስጋሪዎቹን ስትቀርቡ ካሜራውን መጀመሪያ አታውጡ። ሰላምታ፣ ከዚያ ሻይ፣ ከዚያ ወሬ። ፎቶ ለማንሳት ፍቀዱልኝ በሉ፤ ሰውየውንም ዓሣውንም። ሥራ አታስፈቱ፤ ዓሣው ፀሐይ ላይ በቆየ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። ሲመቻችሁ ፎቶውን አሳጥባችሁ ውሰዱላቸው።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

ማራገፊያ ላይ ለራሳችሁ ፎቶ ለማንሳት የሰዎቹ ፈቃድ ይበቃል። መረብ ዘርግቶ ለማጥመድ ግን ሌላ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 315/1995 ዓ.ም. መሠረት ዓሣ ማስገር በፈቃድ የሚመራ ሥራ ነው። ስለዚህ ሕያው ዓሣ ከፈለጋችሁ ፈቃድ ካለው አስጋሪ ጋር ሥሩ። የዓሣ ናሙና ወይም የክንፍ ቁራጭ ወደ ውጭ አገር ለመላክ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሳይፈቅድ አይቻልም። ድሮን ከኢንሳ (ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ፈቃድ ውጪ አታስነሱ። ጣና እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ስለሆነ ለትልቅ የቀረጻ ሥራ የምትሄዱ ከሆነ የወረዳውን አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ የደብዳቤውንም ኮፒ ይዛችሁ ውጡ።